የእናትህ ልብና ከጅዳ የመጣው ጠርሙስ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እናቴ 47 ዓመቷ ነው። የልቧ ቫልቭ ጠቧል ተብላ ደሴ ትከታተላለች፤ ሚትራል የሚባለው ነው። ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲንና ላሲክስ ትወስዳለች። በየወሩም መርፌዋን ትወጋለች። አጎቴ ከጅዳ ኤል-ካርኒቲን የሚባል ክኒን ላከላት፤ አንዱ 1000 ሚሊግራም ነው። እኔም ሳነብ የቫልቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የልብ ጡንቻ ውስጥ ካርኒቲን አንሶ ተገኝቷል ይላል። እናቴ ደግሞ ጾም አትስትም፤ ሥጋና ወተት የምታየው በፍስክ ብቻ ነው። ያነሳት ይሄ ይሆን? ደሟን አስመርምረን ማወቅ እንችላለን? ትጀምረው?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ፤ ረጅሙን ቡና እየጠጣህ ታነበዋለህ። ጠርሙሱ ለጊዜው ይቀመጥ። አትጣለው፣ ግን አትክፈተውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር በፌስታል አድርገህ ለሐኪማቸው አሳየው። የሚያሳስበኝ ዋርፋሪኑ፣ ያ የደም ማቅጠኛ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ያነበብከው ግን ውሸት አይደለም። የቫልቭ ሕመም ባለባቸው ሰዎች የልብ ጡንቻ ውስጥ ካርኒቲን አንሶ ተገኝቷል። ነገሩ ያለው ከዚያ ተነስቶ «ስለዚህ ይውሰዱ» እስከሚለው ባለው መንገድ ላይ ነው። ኮምቦልቻና ደሴም በካርታ ሲታዩ ቅርብ ናቸው፤ መሐላቸው ግን የሐረጎ ዳገት አለ።

እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ደሴ ውስጥ ዋርፋሪን ከሚወስዱ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ መጠን ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ዓይነቱ ጠርሙስ ከነጠላ ጫፍ ተፈትቶ፣ ከቦርሳ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል። አንዳንዱ ላይ ጡንቻው የተወጠረ ጎረምሳ ሥዕል አለበት። አንዲት እናት ሥዕሉን ትኩር ብለው አይተው «ይሄ ልጅ ደግሞ ምኑን አሞት ነው?» ብለው አስቀውኛል። ልክ ናቸው። ያ ጠርሙስ የተሠራው ጂም ለሚሄድ ሰው ነው።

ካርኒቲን ስሙን ያገኘው ከላቲኑ «ሥጋ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያ ውስጥ ከሥጋ ተነጥሎ ወጣ። ለምን እንደሚያገለግል ግን ለ50 ዓመት ያህል በቅጡ አልታወቀም። ሥራው ጭነት ማመላለስ ነው። ጤነኛ ልብ ከሚያነደው ማገዶ ከግማሽ በላዩ፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ቅባት ነው። ቅባቱ የሚነደው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሴል ምድጃዎች ውስጥ ነው። ረጃጅሙ ቅባት ታዲያ ብቻውን ወደ ምድጃው አይገባም። ኬላ አለ። ካርኒቲን ተሸክሞት ይገባል፣ ያራግፈዋል፣ ባዶውን ይወጣል፣ ደግሞ ይጭናል። የደረቅ ወደብ ከተማ ልጅ ስለሆንክ ይህን ላንተ ማስረዳት አይከብደኝም። እቃው ተራራ ቢያክል፣ ሲኖትራክ ከሌለ እዚያው ነው።

ልብ ደግሞ ማገዶ የሚያጠራቅም አካል አይደለም። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእጁ የያዘው ጉልበት ግን ለጥቂት ሰከንዶች ቢበቃው ነው። ከእጅ ወደ አፍ ነው ኑሮው። የጭነቱ መመላለስ ቢቀዛቀዝ ቶሎ የሚሰማው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሐረጎን እንውጣ። ልብ ካርኒቲንን ራሱ አይሠራውም። የሚሠሩት በዋናነት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ልብ ከደም ይስባል። የሚስበው ግን ቁልቁል አይደለም፣ ሽቅብ ነው። በልብ ጡንቻ ውስጥ ያለው መጠን በደም ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ያን ልዩነት ጠብቆ ለመኖር ሴሉ ጉልበት ማውጣት አለበት፣ ግድግዳውም ጤነኛ መሆን አለበት። ልብ ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ሁለቱም ይደክማሉ። ሽቅብ መሳቡ ያንሳል። የያዘውም ያፈተልካል። ወዴት? ወደ ደም።

ይህንን ያዝልኝ፤ የደም ምርመራው ጥያቄህ እዚህ ላይ ነው የሚፈታው።

የልብ ጡንቻ ካርኒቲን እንዴት እንደሚለካ አስበህበት ታውቃለህ? ጣት ተወግቶ አይደለም። የልብ ቁራጭ ያስፈልጋል። የሚትራል ቫልቭ ክንፎች እንደ ድንኳን ገመድ በሚመስሉ ክሮች ከታች ተወጥረዋል። ክሮቹን የሚይዙት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ ፓፒላሪ ይባላሉ። የታመመው ቫልቭ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ሲተካ፣ የፓፒላሪው ጫፍ አብሮ ሊወጣ ይችላል። በሌላ ጊዜ የሚጣለው ያ ቁራጭ ወዲያው እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ ይፈጫል፤ ነጻው ካርኒቲንና ጭነት የያዘው ለየብቻ ይለካሉ። በየትኛውም ከተማ ቢሆን ለአንድ ሕመምተኛ ሕክምና ተብሎ የሚሠራ ምርመራ አይደለም። የምርምር ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንከን አለ፤ ጥናት ሳነብ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምፈልገው ነው። ከማን ጋር ነው ያወዳደሩት? ጤነኛ ሰው ደረቱን አስከፍቶ የልቡን ቁራጭ አይሰጥም። ስለዚህ ማወዳደሪያው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለንቅለ ተከላ ተዘጋጅቶ ሳይሆን የቀረ ልብ፣ ወይም በሌላ ምክንያት ደረቱ የተከፈተ ሰው። ያ ማለት ውጤቱ ይጣላል ማለት አይደለም። በትንሽ ሰው ላይ የተደረገ መሆኑን እያሰብክ አንብበው ለማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የጀርመን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ልባቸው የደከመ ሰዎችን ወሰዱ። የድካሙ መነሻ የተለያየ ነበር። የአንዳንዱ ራሱ የልብ ጡንቻው ሰፍቷል፤ የሌላው የልብ ደም ሥር ጠቧል፤ የሌላው የደም ግፊት ነው፤ የሌላው ቫልቭ ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ የልብ ጡንቻው ካርኒቲን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ደማቸው ውስጥ ግን ከፍ ብሎ ነበር።

አየኸው? መነሻው ቫልቭ ሆነ ግፊት፣ ደክሞ የመጣው ልብ ያው መልክ አለው። ለእኔ ይህ የሚለው፣ የካርኒቲን ማነስ ቫልቩ ከታመመ በኋላ፣ ልቡም ከደከመ በኋላ የሚከተል ነገር ነው። ከተከተለ በኋላ ደግሞ ድካሙን ሊያብስ ይችላል፤ ያን አልክድም። የደከመ ልብ ከቅባት ወደ ስኳር ማገዶ ማዘንበሉም የታወቀ ነው፤ ቅባት ለተመሳሳይ ጉልበት ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል። እንግዲህ መኪኖቹ የቀነሱት ጭነቱ ስለቀነሰ ነው ወይስ ጭነቱ የቀረው መኪና ስለጠፋ? ሁለቱም በየመጠናቸው አሉ። ተጨማሪ መኪና ከጅዳ መላክ ግን መንገዱን አይጠግነውም።

ስለዚህ የደም ምርመራው ለእናትህ ምንም አይነግረንም። ደማቸው ጥሩ ቁጥር ቢያሳይ ልባቸው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከፍ ቢል ደግሞ ከልብ የፈሰሰው ሊሆን ይችላል። ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። «የቫልቭ ሕመም» አንድ ሕመም አይደለም። የሚያፈስ ቫልቭና የጠበበ ቫልቭ ልብን የሚያደክሙት በተለያየ መንገድ ነው። ሚትራል በግራ በኩል ካሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መሐል ያለ በር ነው። ሲያፈስ የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ደም ወደ ሰውነት የሚገፋው ዋናው ጡንቻ፣ በየምቱ ትርፍ ሥራ ይሠራል። ሲጠብ ግን ያ ጡንቻ በቂ ደም አይደርሰውም እንጂ ትርፍ ጫና የለበትም። ጫናው ከበሩ ጀርባ ነው፤ የላይኛው ክፍል ይወጠራል፣ ሳንባ ይጨናነቃል፣ ቆይቶ ቀኙ ልብ ይደክማል። እናትህ የደሴን ዳገት ሲወጡ ቆም ብለው ትንፋሽ የሚሰበስቡ ከሆነ፣ በአብዛኛው ልባቸው ማገዶ አጥቶ አይደለም። ደሙ በጠበበው በር ጀርባ ተሰልፎ ነው። ልብ ሲፈጥን ደግሞ በሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ያጥራል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ከዋርፋሪን ጋር ዲጎክሲን መታዘዙ የልባቸው ምት የተዛባ መሆኑን ይጠቁመኛል፤ ዲጎክሲኑ ፍጥነቱን ለማርገብ ነው። የትኛውም ክኒን፣ ካርኒቲንም ጨምሮ፣ የጠበበ በር አይከፍትም።

«ቢሆንም ቢሰጥስ ምን ታየ?» ትለኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትልልቆቹ ሙከራዎች የተሠሩት የቫልቭ ሕመምተኛ ላይ ሳይሆን የልብ ደም ሥራቸው ድንገት የተዘጋባቸው፣ ማለትም «ሀርት አታክ» የመታቸው ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጣሊያን ውስጥ 472 ሰዎች የተሳተፉበት ታተመ። ለግማሽ ያህሎቹ ካርኒቲን መጀመሪያ በደም ሥር፣ ከዚያ በቀን 6 ግራም በአፍ ለ12 ወር ተሰጣቸው። ልባቸው ከሌሎቹ ያነሰ ተለጠጠ። ደስ የሚል ነገር ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ2,300 በላይ ሰው ያለበት ተከታዩ መጣ። በስድስት ወር ውስጥ ሞትንና የልብ መድከምን አንድ ላይ ሲቆጥሩ ያን ያህል ለውጥ አላዩም። በቫልቭ ቀዶ ጥገና ዙሪያ የተሠሩም አሉ። ትንንሽ ናቸው፣ የሚያዩትም በቀዶ ጥገናው ሰዓታትና በቀጣዮቹ ቀናት ልብን ለመጠበቅ ነው። እቤት ተቀምጦ በቡና ከመዋጥ ጋር አይገናኝም።

ፍትሐዊ ልሁን። ካርኒቲን ልብን ከሞት የሚመልስበት ሕመም አለ። ካርኒቲንን ከደም የሚስበው በር ከውልደት የተበላሸባቸው ልጆች አሉ። ልባቸው ይለጠጣል፣ ይደክማል፤ ካርኒቲን በብዛት ሲሰጣቸው ይመለሳል። ፋሮ በሚባሉት የሰሜን አትላንቲክ ደሴቶች ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። ለረጅም ጊዜ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉና ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ሊያንሳቸው ይችላል። እናትህ ከነዚህ አንዳቸውም ውስጥ የሉም።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ጥያቄህ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው፤ ምክንያቱም ሒሳቡ በመጀመሪያ እይታ ልክ ይመስላል። ካርኒቲን ያለው በቀይ ሥጋ ነው። ወደ 113 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ ከ56 እስከ 162 ሚሊግራም ይይዛል። አንድ ኩባያ ወተት 8 ሚሊግራም ገደማ አለው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንጀራው ላይ ስትደርስ ኢምንት ነው። እንግዲህ 55 ቀን የዐቢይ ጾም፣ ላዩ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት... እናትህ ባዶ መሆን ነበረባቸው።

አይሆኑም። ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፤ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ላይሲንና ሜታዮኒን የሚባሉት የፕሮቲን ቅንጣቶች ናቸው። ሽሮና ምስር ላይሲን አላቸው። ጤፉ ሜታዮኒኑን ያግዛል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ሁለቱን አንድ ላይ አቅርቧል። ኩላሊት ደግሞ ቆጣቢ ነው፤ ከሚያጣራው ካርኒቲን 95 በመቶ ያህሉን መልሶ ይወስዳል፣ ከምግብ ሲያንስ ደግሞ ይብሱን ያጠብቃል። ሥጋ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች የደም ካርኒቲናቸው ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ በዚህ ልባቸው አይታመምም። እንዲያ ቢሆንማ ወሎ ውስጥ ቆራቢ እናት ባልተገኘ ነበር።

ከጾሙ ጋር በተያያዘ እኔን የሚያስጨንቁኝ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብረት ነው። ካርኒቲን ለመሥራትም ብረት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ደም ማነስ ልብን ያስፈጥናል፣ የጠበበ በር ያለበት ልብ ደግሞ ፍጥነት እንደማይችል ነግሬሃለሁ። የወር አበባ ገና ካልቆመ፣ ዋርፋሪንም ካለ፣ ደም ማነስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሆነ ነገር ማስመርመር ካማረህ ሄሞግሎቢናቸውን አስለካ። እሱ ቁጥሩም ይገኛል፣ ሕክምናውም አለ።

ሁለተኛው ጎመን ነው። አትሳቅ። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ ያንኑ ቫይታሚን በመቃወም ነው። ጾም ሲገባ ሰሃኑ ላይ ጎመን ይበዛል፣ የአይ ኤን አር ቁጥር፣ ማለትም ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፣ ወደ ታች ይንሸራተታል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ይቀንሳል፣ ቁጥሩ ይወጣል። የጾም ሰሞን ወረቀቶችን ስገልጥ ይህንን ደጋግሜ አያለሁ። እናትህ ጎመን ይተዉ አልልም፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን ይብሉ። ጾም ሲገባና ሲፈታ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ አይ ኤን አር ይለኩ። ረመዳን የሚጾም ዘመድ ዋርፋሪን የሚወስድ ካለም ያው ነው፤ ክኒኑን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከኢፍጣር በኋላ ይውሰድ። የወሎ ቤት ነውና ሁለቱም ጾም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል ብዬ ነው።

አሁን እመለስበታለሁ ያልኩህ። ኤል-ካርኒቲን ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ አይ ኤን አር ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ሰዎች አሉ። በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው የካርኒቲን መድኃኒት መመሪያ ራሱ ይህን አስፍሮታል፤ አብረው ከተወሰዱ አይ ኤን አር በቅርብ ይታይ ይላል። ለእናትህ ዓይነት ሕመም ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ሲያልፍ ደም መፍሰስ ነው። ጥርስ ሲፋቅ ድድ ይደማል። ሳይጋጩ ቆዳ ይበልዛል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። የከፋው በጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰው ነው።

የጠርሙሱን ጀርባም አንብበው። ስብ ያቃጥላል ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ካርኒቲን ብቻውን ላይሆን ይችላል፤ ካፌይን ወይም የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ የሚቀላቅሉ አሉ። ምቱ ለተዛባ ልብ ካፌይን በክኒን መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ላንተ መንገር የለብኝም። ካርኒቲኑ ራሱም በቀን 3 ግራም አካባቢ ሲደርስ ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል፣ ሰውነትንም ዓሣ ዓሣ ያሸታል። በአፍ የተዋጠው ደግሞ ሩቡ እንኳ ደም ውስጥ አይደርስም። የቀረውን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይቀራመቱታል፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ጉበት ሲደርስ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ያንን ነገር ከደም ሥር መደደር ጋር አያይዞታል። ክርክሩ አላለቀም። ለማይጠቅም ነገር ግን ክርክር ውስጥ ምን አስገባን?

ካርኒቲኑ እንቢ ሲባል፣ አጎትህ ቀጥለው ሊልኩ የሚችሉትን ከአሁኑ ልገምት፦ «አይ ኤን አር የማይፈልገው አዲሱ የደም ማቅጠኛ»። ሪቫሮክሳባን ከነዚህ አንዱ ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለሌላ ሰው። ከቶንሲል ተነስቶ ቫልቭ የሚያበላሸው የልብ ሕመምና የተዛባ ምት ባለባቸው ከ4,500 በላይ ሰዎች ላይ ከዋርፋሪን ዓይነቶቹ ጋር ተወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ወጣ። በሪቫሮክሳባኑ በኩል የሞተው ሰው በለጠ። ስለዚህ ያ አሰልቺ ዋርፋሪን፣ ከነምልልሱ፣ ይቀጥል።

የወር መርፌዋም እንዳትዘለል። የእናትህ ቫልቭ የተበላሸው በልጅነት ከታመሙት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ሳይሆን አይቀርም። መርፌው ያ ጀርም ተመልሶ ቫልቩን እንደገና እንዳያቆስል የሚጠብቅ ነው። «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ መተው እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ ደህና ያደረጋቸው እሱው ነው።

ከዚያ ደግሞ ሐኪማቸውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የመጨረሻው የልብ አልትራሳውንድ መቼ ነው የተነሳው? በሩ ምን ያህል ጠቧል? በፊኛ ለማስፋት ይመቻል? ፊኛው በጭን ደም ሥር ገብቶ፣ ቫልቩ ላይ ሲደርስ ተነፍቶ የተጣበቁትን ክንፎች ያላቅቃል። ለሁሉም ቫልቭ አይሆንም፤ ብዙ ካፈሰሰ ወይም እንደ ድንጋይ ከደረቀ ቀዶ ጥገና ይሻላል። በሩን በትክክል የሚከፍቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መላክን፣ ተራ መጠበቅን፣ መመላለስን ይጠይቃሉ።

አጎትህ ለእህታቸው ብለው ነው የላኩት፤ አትቆጣቸው። ደውልና እንዲህ በላቸው፦ ክኒኑን ሐኪም ስላልፈቀደ አስቀምጠነዋል፣ የሚቀጥለውን የጠርሙስ ዋጋ ለአዲስ አበባው ትራንስፖርትና ማደሪያ ያድርጉልን። ለኔ ደግሞ የእናትህን የመጨረሻ ሦስት የአይ ኤን አር ቁጥሮች ከነቀናቸው ጻፍልኝ።